በተኑስ አለ፤ ሰሚው የት ሄደ?

ሉማሜ ተቀምጠን ሶፍትዌር እንሠራለን ስንል ሰው ይስቃል። ይሳቅ፤ እኛም ሳቁን ለምደነዋል። ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚያልፈው አስፋልት ዳር፣ ከጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶቹ በአንዱ ጥግ ላፕቶፓችንን ዘርግተን ለመድኃኒት መደብሩ የዕቃ መቆጣጠሪያ፣ ለገበሬዎች ማኅበሩ የማዳበሪያ ሽያጭ መመዝገቢያ፣ ለትምህርት ቤቱ የውጤት ማጠናቀሪያ እንሠራለን። ሁሉም ዴስክቶፕ ላይ የሚጫን ነው። ኢንተርኔት ካልመጣ የማይከፈት ነገር እዚህ መሸጥ ደንበኛን መበደል ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራውን ሁሉ ድረ ገጽ ላይ የሰቀለ ሰው እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ስለዚህ አንድ ማሽን፣ አንድ ፎርም፣ አንድ ዳታቤዝ፣ አለቀ። ታዲያ ይህን በመሰለ ቀላል ነገር ምን ያማርራችኋል የሚል ካለ መልሳችን አጭር ነው። በተን።

ሒሳቡ አስቸግሮን አያውቅም። ዳታቤዙም መብራት ድንገት ካልጠፋ በቀር ጨዋ ነው። ዕድሜያችንን የሚበላው "መዝግብ" የሚለውን በተን ሰው ሲጫነው መዝጋቢው ኮድ እንዲሰማ ማድረግ ነው። ሲጫኑህ እገሌን ጥራ፣ ይኸው ነው እኮ ነገሩ! ይህችን ለማለት ስንት ዓይነት መንገድ እንደተፈለሰፈ፣ ሁሉም በየፊናው እንዴት እንደሚያንገላታ ግን ያየ ያውቀዋል።

ላልገባው ልንገረው። መስኮቱ፣ የጽሑፍ ሳጥኖቹና በተኖቹ የሚሣሉት አንድ ፋይል ላይ ነው። ሥራውን የሚሠራው፣ ኮንትሮለር የምንለው ክላስ፣ ሌላ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው አብዛኛውን ጊዜ ስም ብቻ ነው። እዚያ የተጻፈው ስም ከዚህኛው ጋር በፊደል ከገጠመ ይሰማማሉ፤ አንዲት ፊደል ከተዛነፈች አይተዋወቁም። ያቺን ስም ደግሞ ማንም አይመረምራትም። ሰሚኮለን ተረሳ ብሎ ሰማይና ምድሩን የሚደባልቀው ኮምፓይለር እዚህ ሲደርስ ዓይኑን ይጨፍናል። ፕሮግራሙ ይነሣል፣ መስኮቱ ያምራል፣ በተኑም ሲጫኑት ገባ ብሎ ይመለሳል። ከዚያ ዝም።

ቢጮህ፣ ቢሳደብ፣ ቀይ ጽሑፍ ቢደረድር ምንኛ በወደድን! ዝምታው ነው ያቃጠለን።

የታላላቆቻችን መሣሪያ የነበረውን ቪዥዋል ቤዚክን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1991 ሲወጣ ተአምር ተባለለት፤ በ1998 የወጣው ስድስተኛው ደግሞ ዛሬም አንዳንድ አሮጌ ማሽን ላይ ሲንፏቀቅ እናገኘዋለን። እዚያ ውስጥ ኮድና በተን የሚገናኙት በስም ነው። በተኑ "ኮማንድ1" ከተባለ ኮዱ "ኮማንድ1_ክሊክ" ይባላል። አሁን አንድ ሥርዓት የሚወድ ልጅ ይመጣና "ኮማንድ1 ምን ማለት ነው፣ ሥራውን የሚገልጽ ስም ይሰጠው" ብሎ የበተኑን ስም ያሳምረዋል። ኮዱ ግን አሮጌ ስሙን እንደያዘ ቁጭ ይላል፤ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ተራ ንዑስ ፕሮግራም ሆኖ ይቀራል። ስሕተት የሚል የለም። ፕሮግራሙ ይሠራል። በተኑ ዲዳ ይሆናል። ስም ያሳመረ ይቀጣል ማለት ነው። ለዚህ ነው የወረስናቸው ፕሮግራሞች ሁሉ ኮማንድ1፣ ኮማንድ2፣ ኮማንድ3 እያሉ የሚሄዱት፤ የቱ እንደሚሰርዝ፣ የቱ እንደሚያትም ለማወቅ አንድ በአንድ መጫን ነው። የሚሰርዘውን በመጫን ማወቅ ደግሞ የራሱ መዘዝ አለው።

እኛ ኮሌጅ ስንገባ የተሰጠን ኔትቢንስ ነው። መምህሩ በፕሮጀክተር በተን ይጎትታል፣ ሁለቴ ክሊክ ያደርገዋል፣ "ጄበተን1 አክሽን ፐርፎርምድ" የሚባል ሜተድ እዚያው ይወለዳል፤ ውስጡም ኮድህን እዚህ ጨምር የሚል ማስታወሻ አለው። አቤት ያን ቀን የነበረው ደስታ! ፕሮግራመር የሆንን መሰለን። ያልተነገረን፣ በግራጫ የተከለለው ኮድ የእኛ አለመሆኑን ነው። አይነካም፣ አይታረምም፣ አይሰረዝም። በተኑን ለማንቀሳቀስ ሲል እጁ ቀድሞ ሁለቴ የነካ ሰው ባዶ ሜተድ ያስወልዳል፤ እሱን ለማስወገድ የበተኑን ንብረቶች ከፍቶ፣ የኢቨንቶቹን ገጽ ፈልጎ፣ ከዚያ ውስጥ መፍታት አለበት። ማን ያን ሁሉ ይለፋል? ይተወዋል። እናም ይህች አካባቢ የሠራቻቸው የጃቫ ፕሮግራሞች ሁሉ ሆዳቸው ባዶ በሆነ ሜተድ የታጨቀ ነው። "ጄቴክስትፊልድ3 አክሽን ፐርፎርምድ"፣ ውስጡ ምንም። ከሦስት ዓመት በኋላ የሚያነበው ሰው "ይህ የሆነ ምክንያት ይኖረዋል" ብሎ ይፈራዋል፤ እሱም አይነካውም።

የፎርም ፋይሏንስ ነገር ማን ያንሣው። ኔትቢንስ የሣልከውን መስኮት ከጃቫው ፋይል ጎን በሌላ ፋይል ያስቀምጠዋል። ልጆቹ ሥራቸውን በፍላሽ ሲያመጡ የጃቫውን ብቻ ገልብጠው ይመጣሉ። ትከፍተዋለህ፣ የንድፉ ገጽ የለም፣ ኮዱ ብቻ ግድግዳ ሆኖ ይቀበልሃል። "ጋሼ፣ እቤት እያለሁ ይታየኝ ነበር" ይልሃል ልጁ። እቤቱ ደግሞ ሞጣ ነው።

ከዚያ ጃቫኤፍኤክስ መጣና ተገላገልን አልን። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ሁለተኛው እትሙ መስኮቱን ኤፍኤክስኤምኤል በሚባል የጽሑፍ ፋይል መግለጽን አመጣ፤ ሥዕሉ ወዲህ፣ ኮዱ ወዲያ፣ ንጹሕ ነገር። የፋይሉ አናት ላይ የኮንትሮለሩን ሙሉ ስም ትጽፋለህ፣ ለእያንዳንዱ ሳጥን መለያ ትሰጣለህ፣ በተኑ ላይ የሜተዱን ስም በመሰላል ምልክት አስቀድመህ ታኖራለህ። ሁሉም ጽሑፍ ነው። የሜተዱን ስም ከሳትክ ደግነቱ ገና መስኮቱ ሲከፈት ይወድቃል። የኮንትሮለሩን ክላስ ወደ ሌላ ፓኬጅ ካዛወርከውም ይወድቃል። የሳጥኑን መለያ ከሳትክ ግን መስኮቱ በሰላም ይከፈታል፤ ኮንትሮለሩ ውስጥ ያለው ተለዋዋጭ ባዶ እንደሆነ ይቀመጣል፤ ገበያተኛው ተሰልፎ፣ ሒሳብ ያዡ ስም ሞልቶ፣ "መዝግብ" ሲል ያኔ ኑል ፖይንተር ይፈነዳል። ፍንዳታውም ቢሆን በቀጥታ አይነገርህም። መጀመሪያ "ኢንቮኬሽን ታርጌት ኤክሴፕሽን" የሚል ይመጣል፣ ከሥሩ የማታውቃቸው ክላሶች ስም ይንጋጋል፣ እውነተኛው ምክንያት ከታች "ኮዝድ ባይ" ከሚለው ጋር ተደብቋል። ደንበኛው ስክሪኑን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ይልክልሃል። የሚያነሣው ግን ሁልጊዜ የላይኛውን ግማሽ ነው! የታችኛውን አንሥቶ የላከ ደንበኛ እስከ ዛሬ አላጋጠመንም፤ ቢያጋጥመን ቡና እንጋብዘዋለን።

ደግሞ ያንን ለመድነው ስንል፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ጃቫ 11 ሲወጣ ጃቫኤፍኤክስ ከውስጡ ተነቅሎ ወጣና ለብቻው አውርዱት ተባለ። ማውረድ የሚባለው ነገር ኔትወርክ በሌለበት ወቅት እኛ ዘንድ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ወደ ደብረ ማርቆስ ለሚሄድ ሰው ፍላሽ ሰጥቶ መጠበቅ ነው። ሰውዬው ይመለሳል፣ ፍላሹን ይረሳል።

የማክ ሰዎችን ሳይ እቀናለሁ፤ ቅናቴም ቶሎ ይበርዳል። ስቲቭ ጆብስ ከአፕል ወጥቶ ባቋቋመው ኔክስት በተባለው ኩባንያ፣ ዣን ማሪ ዩሎ የተባለው ፈረንሳዊ በኋላ ማክ የወረሰውን ኢንተርፌስ ቢልደርን ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1988 ከማሽኑ ጋር ወጣ። እዚያ ከበተኑ ተነሥተህ በማውዝ መስመር እየሳብክ ኮንትሮለሩ ላይ ታሳርፋለህ፣ ተገናኙ። ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1990 የመጀመሪያውን የድረ ገጽ ማሰሻ የጻፈው በዚያው ማሽን ላይ ነው። እሱ መስመር እየሳበ ዓለምን በድር አገናኘ፤ እኛ አንዲት በተን ከአንድ ሜተድ ጋር ማገናኘት አቅቶን ከመብራት ኃይል ጋር እንሟገታለን። እዚያ ቤት አንድ ደስ የሚል ወግ አለ። ተቀባይ ያልተወሰነለት ትእዛዝ እንደ ባለጉዳይ አቤቱታ ከታች ወደ ላይ ይሄዳል፤ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን እንደሚባለው ከሳጥኑ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ፕሮግራሙ፣ የሚያውቀው እስኪገኝ። ማንም ካልተገኘ ምናሌው ላይ ያለው ጽሑፍ ራሱ ይደበዝዛል፣ አይጫንም። ይህ ትልቅ ጨዋነት ነው፤ ኃላፊው እንደሌሉ በሩ ላይ ተለጥፎልህ ወደ ቤትህ ትመለሳለህ። ግን እዚያው ቤት ኦብጀክቲቭ ሲ በተባለው ቋንቋ ከምንም ጋር ላልተገናኘ ነገር መልእክት ብትልክ፣ መልእክቱ ጠፍቶ ይቀራል፤ ስሕተትም የለም፣ መልስም የለም። የእኛው ዝምታ ባሕር ተሻግሮ ጠበቀን።

ኖርዌጂያኖቹም አልተሻሉም። ኪውት የሚባለው መሣሪያ እነሱ ዘንድ የተወለደ ነው፤ "ሲግናል" እና "ስሎት" ይላል፣ ሁለቱን "ኮኔክት" በሚል ትእዛዝ ያያይዛል። ስማቸው ለዓመታት የሚመሳከረው ፕሮግራሙ ከተነሣ በኋላ ነበር፤ ካልገጠመ ጥቁሩ መስኮት ላይ "እንዲህ ያለ ስሎት የለም" የሚል አንድ መስመር ጽፎ ይቀጥላል። ጥቁሩን መስኮት የትኛው ደንበኛ ያያል? አምስተኛው እትም እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ሲወጣ ነው ኮምፓይለሩ እንዲመረምረው የሚያስችል አጻጻፍ የመጣው። ፓይተን የሚማሩት ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው። ቲኬንተር ላይ የፈንክሽኑን ስም ሲሰጡ ቅንፉን አብረው ይጽፉታል፤ ያኔ ፈንክሽኑ ማንም ሳይጫን ገና መስኮቱ ሲሠራ ይሮጣል፣ በኋላ ሲጫኑት ዝም ይላል። ተማሪው "ሠርቷል እኮ፣ አንዴ ሠርቷል" እያለ ይምላል። እውነቱን ነው።

ትምህርቱስ? ኤምቪሲ የሚባለውን ነገር ትሪግቨ ሬንስካውግ የተባለ ሌላ ኖርዌጂያን እ.ኤ.አ. በ1979 ዚሮክስ ፓርክ በእንግድነት ሄዶ ሳለ ነው የጻፈው። ሞዴል፣ ቪው፣ ኮንትሮለር። ኮሌጆቻችን ይህን በሦስት ሳጥንና በጥቂት ቀስት ያስተምራሉ። ተማሪው ሦስቱን ሳጥን እየደጋገመ ይሥላል፣ ፈተና ላይ ይሥለዋል፣ ሲኒየር ፕሮጀክቱ ሰነድ ላይ በቀለም ይሥለዋል፣ መከላከያው ቀን በፓወር ፖይንት ያሳየዋል። ከቪው ወደ ኮንትሮለር የምትሄደዋ ቀስት ከምን እንደተሠራች፣ የት ፋይል ውስጥ እንዳለች፣ ስትበጠስ ማን እንደሚናገር የጠየቀ መምህር ግን አላየሁም። የእኛ ሥራ በሙሉ ያቺ ቀስት ናት! ሳጥኑን ማንም ይሞላዋል። ሲመረቁ እዚህ ይመጣሉ፣ "ኤምቪሲ እችላለሁ" ይላሉ፣ በተን ስጧቸው፣ ዳታቤዙን፣ ሒሳቡን፣ ማተሚያውን ሁሉ አንድ "አክሽን ፐርፎርምድ" ውስጥ ይከቱታል።

እዚያ መክተት ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። ጃቫ ስዊንግ ውስጥ መስኮቱን የሚሥለውም፣ ክሊኩን የሚሰማውም አንድ ክር ነው። እሱን ረጅም ሥራ ላይ ካሰማራኸው መስኮቱ ይደርቃል። ሰኔ ላይ በአንድ ማኅበር የሆነው እንዲህ ነው፤ ሒሳብ ያዧ የአንድ ገበሬ የዩሪያ ሽያጭ ሞልታ "መዝግብ" አለች፣ ማሽኑ አሮጌ፣ ማተሚያው ቀርፋፋ፣ መስኮቱ ፈዘዘ። ሰልፉ ይንጫጫል። ደግማ ተጫነች፣ ሰለሰች፣ ተናዳ ደጋገመችው። ክሊክ አይጠፋም፤ ወረፋ ይይዛል። ክሩ ከሥራው ሲመለስ ወረፋውን ሁሉ አንድ በአንድ በታማኝነት አስተናገደ። ሰውዬው አንድ ኩንታል ገዝቶ የደረሰኝ ጥቅል ታቅፎ ቆመ። "እህቴ፣ እኔ ይህን ሁሉ መቼ አዘዝኩ? ብሩንስ ከየት አመጣለሁ?" ሲላት ሰልፈኛው ሳቀ፣ እሷ ግን ልታለቅስ ደርሳ ነበር። ስትጫን እንዲደበዝዝ በተኑን ማጥፋት፣ ሥራውን ወደ ሌላ ክር ማሳለፍ፣ ሲያልቅ መልሶ ማብራት፤ መድኃኒቱ ይታወቃል። የምናማርረው፣ ይህ ሁሉ ለእያንዳንዷ በተን በእጅ እንደ አዲስ የሚጻፍ በመሆኑ ነው።

የእኛ አገር የሆኑት ጣጣዎች ደግሞ ለብቻቸው አሉ። ጃቫ የታይላንድን፣ የጃፓንን፣ የታይዋንንና የሂጅራን አቆጣጠር አብሮት ከሚመጣው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አካትቷል፤ የእኛን አላካተተም። ጆዳ ታይም የሚባል ተጨማሪ አለ፣ እሱ ያውቀናል፤ ስሌቱን እንጂ መልኩን ግን አይሠራልህም። ስለዚህ ሁላችንም በየቤታችን ቀን፣ ወር፣ ዓመት የሚሉ ሦስት ዝርዝር ሳጥኖች ደርድረን የራሳችንን መቁጠሪያ እንሠራለን። ሰው ጳጉሜን ሲመርጥ የቀኑ ሳጥን ወደ አምስት ወይም እንደ 2015ቱ ወደ ስድስት መውረድ አለበት። ለዚህ ያለውን ባዶ አድርገህ እንደገና ትሞላለህ። ስዊንግ ያኔ ምን ያደርጋል? የመጀመሪያዋን ቁጥር ስትከትበት ማንም ሳይነካው "ተመረጥኩ!" ብሎ ይጮኻል። ያንን የሰማው ኮድ ይሮጣል፣ ዓመቱ ገና አልተሞላም፣ ይፈነዳል። እዩልኝ እንግዲህ፤ ሰው ሲጫነው የማይሰማ ነገር፣ ሰው ሳይነካው ይጣራል። ሁላችንም "አሁን እየሞላሁ ነው፣ አትስሙኝ" የምትል አንዲት ባንዲራ ተለዋዋጭ አስገብተን አፉን እንዘጋዋለን። የተሻለ ነገር ያገኘ ካለ ይንገረን።

የግዕዝ ትየባውም አለ። የመፈለጊያ ሳጥን ትሠራለህ፤ ሰው ፊደል በጨመረ ቁጥር ዝርዝሩ እየጠበበ ይሄዳል፣ ፈረንጅ አገር ያምራል። እኛ ዘንድ ብዙዎቹ መተየቢያዎች ተነባቢውን ሲነኩ ሳድሱን ይጽፋሉ፣ አናባቢው ሲከተል ያንን ደምስሰው ትክክለኛውን ያኖራሉ። ስለዚህ ሰው "ሉማሜ" ብሎ ሲጽፍ ሳጥኑ የሚሰማው እንዲህ ነው፤ ል፣ ባዶ፣ ሉ፣ ሉም፣ ሉ፣ ሉማ፣ ሉማም፣ ሉማ፣ ሉማሜ። ሦስት ፊደል ያላት ከተማችን ዘጠኝ ጊዜ ዳታቤዙን ታንኳኳለች። መሐል ላይ ሳጥኑ ባዶ ሲሆን ደግሞ ኮዱ "ሁሉን አሳይ" ተብሎ የታዘዘ ስለሆነ የወረዳውን ገበሬ በሙሉ ይዘረግፋል፣ መልሶ ይሰበስባል። አሮጌው ማሽን ይህን ሲሠራ ማራገቢያው የሚያሰማው ድምፅ ከውጭ ይሰማል። ትንሽ እንዲጠብቅ ሰዓት ቆጣሪ ማስገባት ነው መላው፤ እሱም አንድ ሌላ ኢቨንት፣ አንድ ሌላ ስም፣ አንድ ሌላ ክር።

አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቻችን ስንደውል ይመክሩናል። "ንድፍ መሣሪያውን ተዉት፣ ሁሉንም በኮድ ጻፉት፣ ላምዳ ተጠቀሙ፣ ኮምፓይለሩ ያይላችኋል።" ልክ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 ጃቫ 8 ከመጣ ወዲህ በተኑን ከሜተዱ ጋር በአንድ መስመር ማያያዝ ይቻላል፤ ስሙን ብትስት እዚያው ይነግርሃል። ግን መስኮቱን በኮድ መደርደር ምን እንደሆነ እነሱም ያውቃሉ፤ ሳጥኖቹን ልክ ለማስያዝ ሲሉ ስንት ሌሊት እንዳሳለፉ ይረሳሉ። ሌሎቹ ደግሞ "ዴስክቶፕ ሞቷል፣ ወደ ዌብ ኑ" ይላሉ። እዚያም በተን ላይ "ኦንክሊክ" ብለህ ስም ነው የምትጽፈው። ኔትወርኩን የሚልኩልን ከሆነ እንመጣለን።

ትናንት የመድኃኒት መደብሩ ባለቤት ደወሉ። "አንተ ልጅ፣ 'ሰርዝ' የሚለው እምቢ አለ።" ፕሮግራሙ ውስጥ "ሰርዝ" የሚል በተን አልነበረም፤ ያለቀበት መድኃኒት እንዳይጠፋ ተብሎ "አግድ" ነው ያለው፣ ይህንንም የተስማማነው አብረን ነው። ስሄድ አየሁት። ቀይ፣ ትልቅ፣ "ሰርዝ" የሚል በተን ከ"አግድ" አጠገብ ተቀምጧል። ለክረምት የመጣ የእህታቸው ልጅ፣ ሶርስ ኮዱ እዚያው ማሽን ላይ ስለነበር፣ ኔትቢንስን ከፍቶ ጎትቶ አስቀምጦላቸው ወደ ትምህርቱ ተመልሷል። ከኋላው ምንም ኮድ የለም። "ተማሪ ነው፣ ጎበዝ ልጅ ነው፤ ከእናንተ ሥራ የቀረውን ቶሎ ጨረሰልኝ" አሉኝ። አጥፉት ብል እሺ አላሉም፤ መልኩን ወደውታል።